ከሕክምና መዝገብ የሚወጣ ቁጥር በስሙ ይጠራ
ስም ያላቸው ቅንፎች በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ላይብረሪዎች ውስጥ እንዴት እንደሚፈለጉ

መግቢያ

በጤና ተቋማት የሚጻፈው መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ የተደረደረ አይደለም። የካርድ ክፍሉ መዝገብ፣ የላቦራቶሪው ቅጽና ወርሐዊው ሪፖርት የየራሳቸው ዓምድና ረድፍ አላቸው። ሐኪሙና ነርሷ ስለ በሽተኛው ሁኔታ የሚጽፉት ማስታወሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ በነጻ አጻጻፍ የሚሰፍር ነው። የሕፃኑ ክብደት፣ የእናቲቱ የደም ግፊት፣ የመድኃኒቱ መጠንና የቀጠሮው ቀን በዐረፍተ ነገር መካከል ተበትነው ይገኛሉ።

እነዚህ ማስታወሻዎች ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ ሌላ ፍላጎት ይፈጠራል። ለጥናት፣ ለሕክምና ጥራት ክትትል ወይም ለመድኃኒት መጠን ስሌት ሲባል ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚፈለገው ቁጥር ብቻ ተለይቶ እንዲወጣ ይጠየቃል። ለዚህ ተግባር በሰፊው ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የተባለው የፍለጋ ንድፍ ነው። ንድፉን የሚጽፈው የኮምፒዩተር ባለሙያው ቢሆንም፣ የወጣው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነና ስሕተቱ በበሽተኛ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነው። በመሆኑም የጤና ባለሙያው ስለ መሣሪያው አሠራር መሠረታዊ ግንዛቤ ሊኖረው ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፍለጋ ንድፍ የተያዘ ቁጥር በተራ ቁጥር ሲጠራና በስም ሲጠራ ያለውን ልዩነት ማስረዳት፣ የፕሮግራም ላይብረሪዎች ስሙን እንዴት ፈልገው እንደሚያገኙ መግለጽ፣ እንዲሁም ሳያገኙ ሲቀሩ የሚሰጡት መልስ እንዴት ሊተረጐም እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች መሣሪያ ቢሆንም መነሻው የነርቭ ሥርዓት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሐኪምና የነርቭ ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ የነበረው ዋረን ማካሎክ ከወጣቱ የሎጂክ ምሁር ከዋልተር ፒትስ ጋር በመሆን የነርቭ ሴሎች መረብ በሒሳብ ሎጂክ ሊገለጽ እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሊኒ ይህንን ሐሳብ መነሻ አድርጎ፣ እንዲህ ያለው መረብ ለይቶ ሊያውቃቸው የሚችላቸውን ተከታታይ ክስተቶች የሚገልጽበት አጻጻፍ ፈጠረ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 ተጽፎ በ1956 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ኬን ቶምሰን ይህንኑ አጻጻፍ በኮምፒዩተር ጽሑፍን ለመፈለግ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል አሳየ።

በሕክምናው መስክም መሣሪያው ረዘም ያለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 በዌንዲ ቻፕማንና ባልደረቦቿ የቀረበው ኔግኤክስ የተባለ ዘዴ፣ ከሆስፒታል በሚወጡ በሽተኞች የስንብት ማጠቃለያ ውስጥ «ትኩሳት የለውም» የሚል ዓይነት አሉታዊ አገላለጽን «ትኩሳት አለው» ከሚለው ለመለየት ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከነርሶች ማስታወሻ ውስጥ የበሽተኞችን ስምና ሌላ ማንነት ገላጭ መረጃ ፈልጎ የሚያጠፋ ፕሮግራም በአሜሪካ አገር ተመራማሪዎች ታትሞ ወጥቷል። ይህም ፕሮግራም የስሞችን ዝርዝርና ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን አጣምሮ የሚሠራ ነው።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች በሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ-2 በተባለው የጤና መረጃ ሥርዓትም ሆነ ኦዲኬ በተባለው የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ፣ የገባው የስልክ ወይም የካርድ ቁጥር ትክክለኛ ቅርጽ ያለው መሆኑን በእንዲህ ያለ ንድፍ መፈተሽ ይቻላል። በዚያ አገልግሎት ንድፉ የሚመልሰው «ይስማማል» ወይም «አይስማማም» ብቻ ነው። ከጽሑፉ ውስጥ ዋጋ ነቅሶ ማውጣት ሲፈለግ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም ቅንፍ ነው።

ንድፍና ቅንፍ

አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የነርሶች ማስታወሻ በሚከተለው መልክ ይጻፋል እንበል፦

ዕድሜ 4 ክብደት 15

ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች ለማውጣት የሚከተለው ንድፍ ሊጻፍ ይችላል፦

ዕድሜ ([0-9]+) ክብደት ([0-9]+)

በንድፉ ውስጥ ያሉት ቃላት እንዳሉ ይፈለጋሉ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፈው 0-9 ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞች ማንኛውንም አንድ አኃዝ ሲያመለክት፣ ቀጥሎ ያለው የመደመር ምልክት ደግሞ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» ማለት ነው። ክቡ ቅንፍ ኮምፒዩተሩን «በዚህ ውስጥ የተገኘውን ያዝልኝ» ብሎ ያዝዘዋል። ላይብረሪው ለእያንዳንዱ የሚይዝ ቅንፍ የተራ ቁጥር ይሰጣል። በአብዛኛዎቹ ላይብረሪዎች ቁጥሩ የሚሰጠው የመክፈቻ ቅንፎቹ ከግራ ወደ ቀኝ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። 0 የሚለው ቁጥር ንድፉ በሙሉ ለያዘው ጽሑፍ የተጠበቀ ነው። ስለሆነም ከላይ ባለው ምሳሌ ቅንፍ 1 ዕድሜን፣ ቅንፍ 2 ክብደትን ይይዛል። ፕሮግራሙ ክብደቱን ሲፈልግ «ቅንፍ 2ን ስጠኝ» ይላል፤ 15 የሚል መልስ ያገኛል።

የተራ ቁጥር አደጋ

ከጥቂት ወራት በኋላ ክሊኒኩ የሰውነት ሙቀትም በማስታወሻው ላይ እንዲጻፍ ይወስናል እንበል። አዲሱ ማስታወሻ እንዲህ ይሆናል፦

ዕድሜ 4 ሙቀት 38 ክብደት 15

ንድፉም ለዚሁ እንዲስማማ ይታረማል፦

ዕድሜ ([0-9]+) ሙቀት ([0-9]+) ክብደት ([0-9]+)

ንድፉ ትክክል ነው፤ ሦስቱንም ቁጥሮች ያለ ስሕተት ይይዛል። ነገር ግን ቅንፍ 2 አሁን የሚይዘው ሙቀትን ሲሆን ክብደት ወደ ቅንፍ 3 ተሸጋግሯል። ከንድፉ ርቆ፣ ምናልባትም በሌላ ባለሙያ በተጻፈ የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ያለው «ቅንፍ 2ን ስጠኝ» የሚለው ትእዛዝ ካልታረመ፣ የሕፃኑ ክብደት 38 ኪሎ ሆኖ ይመዘገባል።

ኮምፒዩተሩ ይህንን እንደ ስሕተት አይቆጥረውም። 38 ቁጥር ነው፤ ለሰው ክብደትም የሚሆን ቁጥር ነው። ውጤቱ የሚታየው በሕክምናው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ የጄንታማይሲንን መጠን በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 7.5 ሚሊግራም አድርጎ ያስቀምጣል። ክብደቱ 15 ኪሎ ለሆነ ሕፃን መጠኑ 112.5 ሚሊግራም ነው። በ38 ኪሎ ሲሰላ ግን 285 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም ከሚገባው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ጄንታማይሲን ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት መሆኑ ለጤና ባለሙያ የተሰወረ አይደለም።

እንዲህ ያለው ስሕተት ከሌሎች የሚለየው ማንም ሳያጠፋ የሚደርስ በመምሰሉ ነው። ነርሷ በትክክል ጽፋለች፤ ንድፉን ያረመው ባለሙያ በትክክል አርሟል፤ ስሌቱን የጻፈው ባለሙያም በጊዜው ትክክል ነበር። የተበላሸው በንድፉና በስሌቱ መካከል የነበረው ያልተጻፈ ስምምነት፣ ማለትም «2 ማለት ክብደት ነው» የሚለው ነው።

ስም ያለው ቅንፍ

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ቅንፉን በስም መሰየም ነው። ከመክፈቻ ቅንፉ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ይደረግና ስሙ በሁለት ቀስቶች መካከል ይጻፋል፦

ዕድሜ (?<ዕድሜ>[0-9]+) ሙቀት (?<ሙቀት>[0-9]+) ክብደት (?<ክብደት>[0-9]+)

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ «ክብደት የተባለውን ስጠኝ» ይላል። ሙቀት ቢጨመር፣ የደም ግፊት ቢገባ ወይም ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ ጥያቄው አይለወጥም፤ መልሱም አይሳሳትም። በተጨማሪም ንድፉን የሚያነብ ሌላ ሰው፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ያልሆነ ነርስ ወይም ሐኪም ጭምር፣ እያንዳንዱ ቅንፍ ምን እንደሚይዝ በቀላሉ ይረዳል።

ይህ አጻጻፍ በሁሉም ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ አልገባም። በመጀመሪያ ያስተዋወቀው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ፒ የተባለውን የላቲን ፊደል ይጨምራል። የዶት ኔት ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ከላይ የታየውን አጻጻፍ ተቀብሏል። ፐርል እ.ኤ.አ. በ2007፣ ጃቫ በ2011፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ በ2018 ተከትለዋል።

ላይብረሪው ስሙን እንዴት ያገኘዋል?

የፍለጋው ሒደት በሦስት ደረጃ ይከናወናል።

የመጀመሪያው ደረጃ ንድፉ ሲዘጋጅ ነው። ላይብረሪው ንድፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ ለሚይዙት ቅንፎች የተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ስም ያላቸውን ደግሞ ከነቁጥራቸው በአንድ የስሞች ሠንጠረዥ ውስጥ ያሰፍራል። ሠንጠረዡ በተቋሙ ካርድ ክፍል የበሽተኛው ስም ከካርድ ቁጥሩ ጋር ከሚጻፍበት መዝገብ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ስሙን የሚያውቅ ሰው መዝገቡን አይቶ የካርዱን ቁጥር ያገኛል፤ በቁጥሩም ካርዱን ከመደርደሪያው ያወጣል።

ሁለተኛው ደረጃ ንድፉ ከጽሑፍ ጋር ሲገጣጠም ነው። በዚህ ጊዜ ላይብረሪው ለእያንዳንዱ ቅንፍ የተያዘው ጽሑፍ ከስንተኛው ፊደል ጀምሮ በስንተኛው ላይ እንደሚያበቃ ይመዘግባል። በዚህ ደረጃ የሚያገለግለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም አይነሣም።

ሦስተኛው ደረጃ ፕሮግራሙ በስም ሲጠይቅ ነው። ላይብረሪው ስሙን በሠንጠረዡ ፈልጎ ቁጥሩን ያገኛል፤ በቁጥሩ የተመዘገበውን መነሻና መድረሻ አይቶ ጽሑፉን ቆርጦ ይመልሳል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊሊፕ ሄዝል እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ፒሲአርኢ የተባለው ላይብረሪ ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሮ ያስቀምጣል። ሌሎች ደግሞ ስምን በቀጥታ ከቁጥር ጋር የሚያያይዝ ማውጫ ይሠራሉ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ስም የቁጥር ምትክ አይደለም፤ በቁጥሩ ላይ የተጨመረ መታወቂያ ነው። ስም ያለው ቅንፍ በቁጥርም ሊጠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ የቁጥር አሰጣጡ በሁሉም ላይብረሪ አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ በዶት ኔት ላይብረሪ መጀመሪያ ስም የሌላቸው ቅንፎች ከግራ ወደ ቀኝ ከተቆጠሩ በኋላ ነው ስም ያላቸው የሚቆጠሩት። በፓይተን፣ በጃቫና በፒሲአርኢ ግን ሁሉም በአንድነት በተጻፉበት ተራ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሁለቱ ዓይነት ቅንፎች ተቀላቅለው የሚገኙበት ንድፍ ከአንዱ ላይብረሪ ወደ ሌላው ሲዛወር በስም የሚጠራው ሲጸና፣ በቁጥር የሚጠራው ግን ሊዛባ ይችላል።

«የለም» የሚለው መልስ ሦስት ትርጉም አለው

በሕክምና ውስጥ «ምርመራው አልታዘዘም»፣ «ምርመራው ታዝዞ አልተሠራም» እና «ተሠርቶ ውጤቱ ኔጋቲቭ ነው» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በካርዱ ላይ ሦስቱም በባዶ ቦታ ቢገለጹ ምን ዓይነት ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ማንኛውም የጤና ባለሙያ ይገነዘባል። ስም ባለው ቅንፍ ፍለጋም ተመሳሳይ ሦስት ሁኔታዎች አሉ።

አንደኛ፣ የተጠየቀው ስም በንድፉ ውስጥ ጭራሽ የለም። ለምሳሌ ፕሮግራመሩ «ክብደት» ማለት ሲገባው አንድ ፊደል ገድፎ ጽፏል።

ሁለተኛ፣ ስሙ በንድፉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ቅንፉ በዚህ ማስታወሻ ላይ ሥራ አልነበረውም። ለምሳሌ ሙቀት «ቢኖርም ባይኖርም» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነና ነርሷ ሙቀት ካልጻፈች፣ ንድፉ በአጠቃላይ ይስማማል፤ የሙቀት ቅንፍ ግን ምንም አልያዘም።

ሦስተኛ፣ ቅንፉ ሥራውን ሠርቷል፤ የያዘው ግን ባዶ ጽሑፍ ነው። ይህ የሚሆነው ንድፉ «ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ አኃዝ» እንዲቀበል ተደርጎ ሲጻፍ ነው።

ላይብረሪዎቹ እነዚህን ሁኔታዎች የሚገልጹበት መንገድ የተለያየ ነው። ፓይተንና ጃቫ የሌለ ስም ሲጠየቁ ሥራውን አቋርጠው ስሕተት መኖሩን ያስታውቃሉ፤ ስሙ ኖሮ ቅንፉ ምንም ካልያዘ ደግሞ «ዋጋ የለም» የሚል ልዩ ምልክት ይመልሳሉ። ፒሲአርኢም ለሁለቱ ሁኔታዎች የተለያየ የስሕተት ቁጥር ይሰጣል። በጃቫስክሪፕት ግን የሌለ ስምም ሆነ ምንም ያልያዘ ቅንፍ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው። በዶት ኔትም በሁለቱም ሁኔታ ባዶ ጽሑፍ ይመለሳል፤ ቅንፉ በእርግጥ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ፕሮግራመሩ ለብቻው ሲጠይቅ ነው። ጎ በተባለው ቋንቋ ደግሞ የሌለ ስም ቁጥር ሲጠየቅ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመለሳል፤ ምንም ያልያዘ ቅንፍ ግን በተለመደው አጠራር ባዶ ጽሑፍ ስለሚመልስ ባዶ ከያዘው አይለይም።

አደጋው ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በጃቫስክሪፕት ባዶ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሲቀየር 0 ይሆናል። በፓይተንም ፕሮግራመሩ ከፈለገ ላልተያዘ ቅንፍ ሁሉ 0 ምትክ ሆኖ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። በዚህ መንገድ «አልተለካም» የነበረው «0 ሆኖ ተለካ» ወደሚል ይለወጣል። የአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክብደት አማካይ ሲሰላ ያልተመዘኑት ሕፃናት ሁሉ እንደ 0 ከተደመሩ፣ አማካዩ ያለ አግባብ ይወርዳል፤ ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊም በአካባቢው የሌለ የምግብ እጥረት ሊያይ ይችላል። ስለሆነም ያልተገኘ ዋጋ በዳታቤዙ ውስጥ ያልተገኘ መሆኑ ታውቆ መቀመጥ አለበት። የሌለ ስም ሲጠየቅ ደግሞ ፕሮግራሙ ሥራውን አቁሞ ስሕተቱን ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ይህ የበሽተኛው መረጃ ጉድለት ሳይሆን የፕሮግራሙ ጉድለት ነውና።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ ንድፍን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። በፓይተን፣ በጃቫስክሪፕትና በዶት ኔት የቅንፉን ስም ራሱን በፊደላችን መሰየም ይፈቀዳል። ጃቫ ግን ለቅንፍ ስም የሚቀበለው የላቲን ፊደላትንና አኃዞችን ብቻ ነው።

በአማርኛ ስም ሲሰየም የሚያጋጥመው ዋነኛ ችግር ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንባቢ «ዕድሜ» እና «እድሜ» የሚሉትን አንድ ቃል አድርጎ ያነባቸዋል። ኮምፒዩተሩ ግን «ዕ» እና «እ» የተለያየ መለያ ቁጥር ስላላቸው እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያያቸዋል። ንድፉ ላይ ቅንፉ «ዕድሜ» ተብሎ ተሰይሞ ፕሮግራሙ «እድሜ» ብሎ ቢጠይቅ፣ የተጠየቀው ስም በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። «ሕክምና» እና «ህክምና»፣ «ሥቃይ» እና «ስቃይ»፣ «ፀረ» እና «ጸረ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ከላይ እንደተገለጸው አንዳንድ ላይብረሪዎች ለዚህ ስሕተት የሚሰጡት መልስ ድምፅ አልባ ስለሆነ፣ የሥራ ባልደረቦች የቅንፍ ስሞችን አጻጻፍ አስቀድመው በአንድ ዝርዝር መወሰን ይኖርባቸዋል።

በሚፈለገው ጽሑፍ ውስጥም ተመሳሳይ ችግር አለ። ነርሶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል አይጽፉም። ስለዚህ ንድፉ ሁለቱንም እንዲቀበል [ዕእ]ድሜ ተብሎ ሊጻፍ ይገባል።

የግእዝ አኃዞችም ሌላ ጉዳይ ናቸው። 0-9 ተብሎ የተጻፈ ንድፍ ፲፭ን አይይዝም። በብዙ ላይብረሪዎች «ማንኛውም አኃዝ» ለማለት የተዘጋጀው አጭር ምልክትም አይይዘውም፤ ምክንያቱም ግእዝ ለ10፣ ለ20ና ለ100 የየራሱ ምልክት ስላለው ዩኒኮድ የመደባቸው በአሥርዮሽ አኃዞች ክፍል ውስጥ አይደለም።

ቀን ደግሞ ስም መስጠት በጣም የሚያስፈልገው መረጃ ነው። 05/03/1998 የሚል ጽሑፍ በአገራችን ልማድ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ሲነበብ፣ በአሜሪካ ልማድ ወር ይቀድማል። ቅንፎቹ «ቀን»፣ «ወር» እና «ዓመት» ተብለው ቢሰየሙ አሻሚነቱ ንድፉ ሲጻፍ ይፈታል። የዘመን አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ የሚገልጽ ሌላ ቅንፍም መጨመር ያሻል። ወርን ከ01 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ንድፍ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃንን ወይም የተጻፈ ቀጠሮን ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጥላል።

ስም የማይፈታቸው ችግሮች

ስም መስጠት የተያዘው ነገር ምን ለመሆን እንደታሰበ ይነግራል እንጂ የተያዘው እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ከላይ ያለው ንድፍ «ክብደት 15.5» የሚል ጽሑፍ ቢያጋጥመው 15ን ይዞ ግማሹን ኪሎ ይተዋል፤ አኃዝ ብቻ እንዲይዝ ታዝዟልና። ክብደቱ በግራም የተጻፈ አራስ ሕፃን ማስታወሻ፣ ለምሳሌ «ክብደት 1500 ግራም»፣ 1500 ተብሎ ይያዛል፤ ስሌቱ ግን በኪሎ ነው። ስለሆነም መለኪያውም የራሱ ስም ያለው ቅንፍ ሊኖረው ይገባል፦

[ዕእ]ድሜ (?<ዕድሜ>[0-9]+)(?: ሙቀት (?<ሙቀት>[0-9.]+))? ክብደት (?<ክብደት>[0-9.]+) (?<መለኪያ>ኪሎ|ግራም)

በዚህ ንድፍ ውስጥ የጥያቄ ምልክትና ሁለት ነጥብ ያለበት ቅንፍ የሚያገለግለው ለማሰባሰብ ብቻ ነው፤ አይቆጠርም፣ አይይዝም። ከእርሱ መዝጊያ በኋላ ያለው የጥያቄ ምልክት «ቢኖርም ባይኖርም» ማለት ሲሆን፣ በመጨረሻ ያለው ቀጥ ያለ መስመር «ወይም» ማለት ነው።

ተደጋጋሚ ልኬትም ልብ ሊባል ይገባዋል። የደም ግፊት በአንድ ጉብኝት ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቱም በአንድ ተደጋጋሚ ቅንፍ ቢያዙ፣ አብዛኛዎቹ ላይብረሪዎች በስሙ ሲጠየቁ የሚመልሱት የመጨረሻውን ልኬት ብቻ ነው። ሦስቱም ከተፈለጉ ንድፉን በጽሑፉ ላይ ደጋግሞ ማስኬድ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ የተያዘው ዋጋ ከሕክምና ዕውቀት ጋር መመዛዘን አለበት። የ4 ዓመት ሕፃን 38 ኪሎ ሊመዝን መቻሉን የሚጠይቅ፣ ታችኛው የደም ግፊት ከላይኛው ሲበልጥ የሚያስጠነቅቅ ተጨማሪ ፍተሻ ያስፈልጋል። የዚህን ፍተሻ ወሰን ሊያስቀምጥ የሚችለው የጤና ባለሙያው ነው።

ማጠቃለያ

ከሕክምና ማስታወሻ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም በተቋሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የጤና ባለሙያው ለኮምፒዩተር ባለሙያው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ ይገባዋል።

1. እያንዳንዱ ዋጋ ከንድፉ የሚወጣው በስሙ ነው ወይስ በተራ ቁጥሩ?

2. በንድፉ ውስጥ የሌለ ስም ቢጠየቅ ፕሮግራሙ ሥራውን ያቆማል ወይስ በዝምታ ያልፋል?

3. ያልተጻፈ ልኬት በዳታቤዙ ውስጥ «አልተለካም» ተብሎ ይቀመጣል ወይስ 0 ይሆናል?

4. ዕ እና እ፣ ሕ እና ህ፣ ሥ እና ስ በጽሑፉም ሆነ በቅንፍ ስሞቹ ላይ እንዴት ተስተናግደዋል?

5. መለኪያው፣ የዘመን አቆጣጠሩና የአሥርዮሽ ነጥቡ ተይዘዋል?

6. የማስታወሻው ቅጽ ሲለወጥ ንድፉ በታወቁ ምሳሌዎች እንደገና ይፈተሻል?

ስድስተኛው ጥያቄ ለጤና ባለሙያው የተለየ ድርሻ ይሰጠዋል። ለፍተሻው የሚያገለግሉት ምሳሌዎች፣ ማለትም ሙሉ የሆነ፣ አንድ ልኬት የጎደለው፣ ክብደቱ በግራም የተጻፈና በሌላ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ፣ የሚገኙት ሥራውን በየቀኑ ከሚሠራው ሰው ዘንድ ነው። የበሽተኛው ማንነት ሳይገለጽ ሃያ ወይም ሠላሳ ያህል እንዲህ ያሉ ምሳሌዎች ከትክክለኛ መልሳቸው ጋር ተጽፈው ቢቀመጡና ንድፉ በተለወጠ ቁጥር ቢሞከሩ፣ የተራው መዛባትም ሆነ የስሙ መሳሳት መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሊታወቅ ይችላል።